ሼባው ወይስ ቻይናው? የ2025 (በፈረንጆቹ) የዓለም ስኑከር ሻምፒዮና ፋይናሉን ማን ይበላዋል

ነጯ_ኳስ (እሁድ ሌሊት 7:10)

ሰላም ጀለሶች፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው የምጽፈው። ሼባው ግማሽ ፍጻሜ ላይ ጀድ ትራምፕን 17 ለ 14 ሸኘው እኮ! (ጀድን ነው ያልኩት፣ ባለፈው አንዱ ትራምፕ የሚለውን ብቻ አይቶ ዘሎ ገብቶ ሙሉ ቀን ፖለቲካ አስጻፈን)። ማርክ ዊሊያምስ መጋቢት ላይ 50 ዓመት ሞላው፣ አይኔ ደከመ እያለ ነው የሚጫወተው፣ ግን ይኸው የዓለም ቁጥር 1ን ጥሎ ፋይናል ገባ። በክሩሲብል (ሸፊልድ ያለው የውድድሩ ቤት) ታሪክ በዚህ እድሜ ፋይናል የገባ ሰው የለም።

በዛኛው በኩል ደሞ ቻይናው ዣኦ ሺንቶንግ አለላችሁ። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ሮኒ ኦሳሊቫንን ያደረገውን ያላያችሁ ካላችሁ በናታችሁ ፈልጋችሁ እዩት። የመጀመሪያውን ሴሽን (በአንድ መቀመጫ የሚጫወቱት ክፍል) 4 ለ 4 ወጡ፣ ሁለተኛው ላይ 8 ፍሬም (አንድ ፍሬም አንድ ዙር ጨዋታ ነው) ተጫወቱ ስምንቱንም ዣኦ ወሰደው፣ 12 ለ 4። መጨረሻ ላይ 17 ለ 7 አለቀና አራተኛው ሴሽን ሳያስፈልግ ቀረ። ሮኒ እኮ ነው፣ 7 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ሰውዬ፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ እንደኛው ሲያይ ነው የዋለው።

አንድ ነገር ደሞ ልንገራችሁ፣ ሁለቱም ግራኝ ናቸው። እኔም ግራኝ ነኝ። ልጅ ሆኜ እንጀራ በግራ ስቆርስ እማዬ እጄን ቸብ ታደርገኝ ነበር፣ ትምህርት ቤትም እስክርቢቶ ያስቀይሩኝ ነበር፣ ፑል ቤት ስገባ ብቻ ነው ማንም እጅህን ቀይር ያላለኝ (እሱም ጠረጴዛው በግራ በኩል ግድግዳ ስለተጠጋ ስቲኩን ወደኋላ ስስብ ክርኔ ግድግዳ ይመታል፣ ይኸው እስካሁን ጠባሳው አለ)። እና ለዓለም ዋንጫ ሁለት ግራኝ ሲገናኙ ሳይ ለእማዬ ደውዬ ልነግራት ነበር፣ ሰዓቱ ነው የያዘኝ።

ጥያቄዬ፦ ማን ያሸንፋል፣ ለምን? ልቤ ለዣኦ ነው፣ ሲጫወት ሙዚቃ ነው። ግን የዛ የቁማሩ ቅጣት ነገር አለ፣ ሙሉ በሙሉ እንዳልደግፈው የሆነ ነገር ይይዘኛል። ለሼባው እንዳልደግፍ ደሞ ልጁ በጣም ያምራል። እስቲ አስረዱኝ፣ «በቃ ልቤ ነገረኝ» አይሰራም፣ ምክንያት ስጡ።

ለማታውቁ፦ እሁድ በኛ ከቀኑ 9 ሰዓትና ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ሰኞም እንደዛው። ሰኞ ሚያዝያ 27 የአርበኞች ቀን ስለሆነ ስራ የለም፣ ሰበብ የላችሁም።

የሳሪስ_ልጅ (እሁድ ሌሊት 7:42)

ወንድሜ ይሄ ጥያቄ ነው እንዴ? ዣኦ። በሰፊው።

ያለፈበትን መንገድ እይ። ማጣሪያ ላይ አራት ጨዋታ አሸንፎ ነው ክሩሲብል የገባው፣ ሌሎቹ ቤታቸው ተኝተው ሲጠብቁ። ከዛ ጃክ ጆንስን 10 ለ 4፣ አምና ፋይናል የነበረውን ሰውዬ ማለት ነው። ከዛ ሌይ ፔይፋንን 13 ለ 10፣ እሱ ደሞ የአምናውን ሻምፒዮን ካይረን ዊልሰንን በመጀመሪያ ዙር ያባረረው ልጅ ነው። ከዛ ክሪስ ዌክሊንን 13 ለ 5። ከዛ ሮኒን 17 ለ 7። እያደር እየከፋ አይደለም የሚሄደው፣ እየጠነከረ ነው። 28 ዓመቱ ነው፣ ጀርባ አያመውም፣ አይን አይደክመውም፣ ረጅም ኳስ ሲመታ ደሞ ሳያስብ ነው የሚመታው፣ ሌላው ሰው ዞሮ ዞሮ ጎንበስ ብሎ ቀና ብሎ ቾክ ቀብቶ እንደገና ጎንበስ ሲል ዣኦ አግብቶ ሁለተኛዋ ላይ ደርሷል።

ዊሊያምስን እወደዋለሁ ግን ምን ይባላል፣ አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል። 18 ለ 10። ስክሪንሾት አርጉት።

ጋሽ_ከረንቡላ (እሁድ ጠዋት 1:15)

እንደምን አደራችሁ ልጆች። እኔ እንደናንተ ሌሊት አልቆይም፣ ጠዋት ቅዳሴ ደርሼ ስመለስ ነው ያየሁት።

የሳሪስ ልጅ፣ ዝንብ ማን እንደሆነ ትላንት የተሸነፈውን ትራምፕን ጠይቀው።

እኔ ከረንቡላ መጫወት የጀመርኩት ፒያሳ ነው፣ ደርግ ገና አዲስ ሳለ። እዛ ቤት አንድ ሰውዬ ነበሩ፣ ሲጫወቱ ምንም የሚያስደንቅ ነገር አያሳዩም። ጎረምሶቹ ኳሱን እየጠመዘዙ እየዘለሉ ሰው ሲያስጨበጭቡ እሳቸው ጥግ ላይ ማኪያቷቸውን ይዘው ቁጭ ይላሉ። ተራቸው ሲደርስ ይነሳሉ፣ የምትገባዋን ብቻ ይመታሉ፣ ካልሆነ ኳሷን ወስደው ለተጋጣሚያቸው መድረሻ የሌላት ቦታ ያስቀምጧትና ተመልሰው ማኪያቷቸውን ይይዛሉ። ማታ ሲዘጋ ሂሳብ ሲደረግ ግን ሁልጊዜ ከፋዩ ጎረምሳው ነው። ዊሊያምስን ባየሁ ቁጥር እኚያ ሰው ናቸው ትዝ የሚሉኝ።

አሁን ቁጥር ትወዳላችሁና ቁጥር ልስጣችሁ። ዊሊያምስ የዓለም ሻምፒዮና ፋይናል ሦስት ጊዜ ገብቷል፣ 2000፣ 2003 እና 2018። ሦስቱንም አሸንፏል። ውጤቱ ደግሞ ሦስቱም ጊዜ 18 ለ 16 ነው። ሦስቱም! አንዱ እንኳን በሰፊው አይደለም። 2000 ላይ ማቲው ስቲቨንስ 13 ለ 7 እየመራው ነበር፣ እኛ አለቀለት ብለን ሌላ ወሬ ጀምረን ነበር። ጨረሰው። ፋይናል ላይ ተሸንፎ የማያውቅን ሰው በእድሜው ብቻ አትናቁት።

ዣኦ ግሩም ልጅ ነው፣ አልክድም። ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ፋይናሉ ቢበዛ 35 ፍሬም ነው፣ ሁለት ቀን። አንድ ሰዓት ላይ የሚያምረው ጨዋታ በሁለተኛው ቀን ማታ እጅ ሲንቀጠቀጥ ሌላ ነው።

ሁሌ_ተሸናፊ (እሁድ ጠዋት 2:03)

እኔ ቤቲንግ ላይ ሮኒን ይዤ ነበር። ስለዚህ ማንን ልደግፍ ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ የደገፍኩት ይሸነፋል። የትኛውን እንደምትጠሉ ንገሩኝና እሱን ልያዝላችሁ።

የሸፊልዷ (እሁድ ጠዋት 3:20)

ሰላም ቤተሰብ። እኔ እዚሁ ሸፊልድ ነው የምኖረው፣ ኬር ሆም ነው የምሰራው፣ አሁን ከናይት ወጥቼ አውቶቡስ ላይ ነኝ፣ ፊደል ብስት ይቅርታ።

ስኑከር ምን እንደሆነ እዚህ ከመምጣቴ በፊት አላውቅም ነበር፣ ስራ ቦታ ያሉት አዛውንቶች ሚያዝያ በመጣ ቁጥር ቲቪ አይቀየርም ስለሚሉ ተገድጄ ነው የለመድኩት። አሁን ግን እነሱ ሲተኙ እኔ ነኝ ውጤት የማየው። ዘንድሮ አንድ የስራ ባልደረባዬ ትኬት ተርፎባት የመጀመሪያው ዙር ላይ ወሰደችኝ።

ቤቱን በቲቪ ስታዩት ስታዲየም የሚያክል ይመስላችኋል አይደል? ቲያትር ቤት ነው እኮ፣ አንድ ሺህ ሰው እንኳን አይሞላም፣ 980 ምናምን ወንበር ነው። እኔ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ነበርኩ፣ ተጫዋቹ ሲቀመጥ እጄን ብዘረጋ ውሃውን እጠጣለሁ፣ እንደዛ ነው ቅርበቱ። መጀመሪያ ዙሮቹ ላይ ሁለት ጠረጴዛ ነው ያለው፣ መሀል ላይ መጋረጃ የመሰለ ግድግዳ አለ፣ ከዛኛው ወገን ጭብጨባ ሲነሳ በዚህኛው ወገን ጎንበስ ብሎ ሊመታ የነበረው ሰውዬ ቀና ይልና እንደገና ይጀምራል። ከግማሽ ፍጻሜ ጀምሮ ነው ግድግዳው ተነስቶ አንድ ጠረጴዛ ብቻ የሚቀረው፣ ያኔ ነው መድረኩ የሚሰፋው፣ ብዙ ተጫዋች እዛ ላይ ይደነግጣል ይላሉ።

ዝምታው ደሞ! ቤተክርስቲያን እንኳን እንደዛ ጸጥ አይልም። አንዱ ካራሜላ ሲፈታ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው፣ እኔ አፈርኩለት። ዳኛው ነጭ ጓንት አድርጎ ኳሷን አንስቶ ሲጠርጋት እንኳን ይሰማል። እና ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ምንም ማድረግ አይችልም፣ ውሃ ይጠጣል፣ ፎጣውን ያጥፋል፣ ይፈታል፣ ያጥፋል። ጋሼ ያሉት እውነት ነው፣ ጨዋታው ግማሹ ወንበሩ ላይ ነው። ሲመታ ያለውን ሰው ሳይሆን ቁጭ ያለውን ነው ሳይ የነበረው።

ዣኦን በዚህ ነው የምፈራለት። ቁጭ ሲል አላየነውም እኮ፣ ሮኒ ምንም እድል አልሰጠውም ማለቴ እሱ ለሮኒ አልሰጠውም። ሼባው ግን ቁጭ ያስብለዋል። ቁጭ ሲል ምን አይነት ሰው እንደሆነ ዛሬ እናያለን።

አሁን ልተኛ ነው፣ 8 ሰዓት ላይ ቱዶር ስኩዌር ነኝ፣ ክሩሲብል ፊት ለፊት ማለት ነው። ትኬት የለኝም፣ ሲገቡ ለማየት ነው።

ቀይ_ካርድ (እሁድ ጠዋት 4:05)

ሁላችሁም ስለውበት ስለወንበር ታወራላችሁ፣ ዋናውን ነገር ነጯ ኳስ በአንድ መስመር ጠቀሰው ከዛ ዝም ተባለ። ሰውዬው በቁማር የተቀጣ ነው። ጨዋታ የሸጠ ሰው እንዴት ተመልሶ ዋንጫ ይጫወታል? እኛ ሰፈር አንድ ልጅ ብር ተቀብሎ ሆን ብሎ ተሸንፎ ተነቃበት፣ እስከዛሬ ስቲክ አንስቶ አያውቅም፣ ማንም አይሰጠውም። እኔ ለዊሊያምስ ነኝ፣ ስለሚያሸንፍ ሳይሆን ንጹህ ስለሆነ።

ሚዛን (እሁድ ጠዋት 4:48)

ቀይ ካርድ ንዴትህ ይገባኛል ግን የሆነውን በትክክል እናውራ፣ ሰው ላይ ያልሰራውን መጫን ጥሩ አይደለም።

2023 ላይ አስር ቻይናውያን ተጫዋቾች ናቸው የተቀጡት። ሁለቱ፣ ሊያንግ ዌንቦና ሊ ሃንግ፣ እድሜ ልክ ታገዱ። ዣኦ ራሱ ጨዋታ አልሸጠም። የተቀጣው በሁለት ነገር ነው፣ ሌላ ተጫዋች ሁለት ጨዋታ ሲሸጥ አውቆ ተባብሯል፣ እና ራሱ በስኑከር ጨዋታ ላይ ብር አሲዟል። ሁለት ዓመት ተኩል ነበር የሚገባው፣ ቶሎ ስላመነ 20 ወር ሆነ። ቀላል ነው እያልኩ አይደለም፣ በፍጹም። ዝም ማለትም ጥፋት ነው። ግን «ሸጠ»ና «ሲሸጡ አብሮ ነበር» አንድ አይደለም።

ሌላው ደሞ፣ ሲመለስ ማንም ቀይ ምንጣፍ አላነጠፈለትም። መስከረም 2024 እገዳው አለቀ፣ ካርድ የለውም፣ ፕሮፌሽናል አይደለም። 2021 ዩኬ ሻምፒዮንሺፕ ላይ ሉካ ብረሴልን 10 ለ 5 አሸንፎ ትልቅ ዋንጫ የበላ ልጅ፣ ጀርመን ማስተርስ ላይ ፋይናሉን 9 ለ 0 የጨረሰ ልጅ፣ ወርዶ ከአማተር ጋር ኪው ቱር የሚባል ውድድር ላይ ተጫወተ። እዛ አንደኛ ወጥቶ ነው ለሚቀጥለው ዓመት ካርዱን መልሶ ያገኘው። እና አሁን ክሩሲብል ላይ የቆመው በአማተርነት ነው፣ ልብ በሉ፣ ዛሬ ፋይናል የሚጫወተው ሰው ደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ስሙ የለም። ካሸነፈ ከምንም ተነስቶ ቶፕ 16 ይገባል። እስከዚህ እስከ 2025ቱ ፋይናል ድረስ አማተር ሆኖ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ የለም፣ ከእስያም አንድም የለም። ቻይናዊው ዲንግ 2016 ፋይናል ላይ ሞክሮ ማርክ ሴልቢ 18 ለ 14 መለሰው፣ ቻይና ከዛ ወዲህ እየጠበቀች ነው።

ስለጨዋታው ከጠየቃችሁኝ፣ እኔ የማየው የሴሽኑን አከፋፈል ነው። ዛሬ ቀን 8 ፍሬም፣ ማታ 9፣ ነገ ቀን 8፣ ማታ እስከ 10። ዊሊያምስ ዛሬን በሦስት ፍሬም ልዩነት ውስጥ ሆኖ ካደረ ጋሼ ትክክል ናቸው፣ ጨዋታው የሱ አይነት ይሆናል። ዣኦ ግን እንደ ሮኒው አንድ ሴሽን ሙሉ ከበላው ልምድ ምንም አያደርግም፣ ልምድ የሚሰራው ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ ነው። ዊሊያምስ ትላንት ማታ ነው የጨረሰው፣ ዣኦ አርብ። አንድ ቀን ሙሉ እረፍት ለ50 ዓመት ሰው ቀላል አይደለም። በዛ ላይ ሩብ ፍጻሜ ላይ ጆን ሂጊንስን 13 ለ 12 ነው ያለፈው፣ የመጨረሻ ፍሬም ድረስ፣ ያ ራሱ የሁለት ጨዋታ ድካም ነው። ስለዚህ ዣኦ፣ 18 ለ 13።

የሳሪስ_ልጅ (እሁድ ጠዋት 5:10)

@ጋሽ_ከረንቡላ ጋሼ ይቅርታ ዝንቡን ወስጃለሁ 😂 ግን የሰውዬውን ባህሪ ደሞ አይርሱ፣ 2021 ላይ ኮቪድ ይዞት ገና እያገገመ ዩኬ ሻምፒዮንሺፕ ላይ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል እኮ፣ ራሱ ነው ያመነው። በጨዋታ መሀል! ያ ነው እንግዲህ የወንበር ጥበብ ማለት።

እና 2018 ከማሸነፉ በፊት ዋንጫውን ከበላሁ ራቁቴን ነው መግለጫ የምሰጠው ብሎ፣ በላ፣ እውነትም ፎጣ ብቻ ታጥቆ ገባ። ዘንድሮ ካሸነፈ ልጆቼ ጋ አላይም።

@የሸፊልዷ አንቺ ደሞ ሥርዓት ነሽ፣ ቱዶር ስኩዌር ፎቶ አንሺልን በናትሽ። ካራሜላ ይዘሽ እንዳትሄጂ።

ጋሽ_ከረንቡላ (እሁድ ጠዋት 5:35)

ልጄ፣ 2018ን ካነሳህ ሙሉውን አንሳ። ፎጣውን ሁሉም ያስታውሳል፣ ከፎጣው በፊት የሆነውን ማንም አያወራም።

ፋይናሉ ላይ ሂጊንስን 14 ለ 7 እየመራ ነበር። ሂጊንስ መጣ መጣ 15 ለ 15 አደረገው። ሌላ ሰው ቢሆን እዛ ላይ ያልቃል። 17 ለ 15 ላይ ደግሞ ዋንጫዋን የምትሰጠው ሮዟ ኳስ ፊቱ ነበረች፣ ሳታት። እሷን ቢያገባ ያልቅ ነበር። ሂጊንስ ተነስቶ ጠረጴዛውን ጠራርጎ ያን ፍሬም ወሰደ፣ 17 ለ 16። እስቲ አስቡት፣ ያን ሁሉ ጊዜ እዛች ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሳታትን ኳስ ነው የሚያስበው፣ አጠገቡ የሸፊልዷ እንዳለችው ውሃና ፎጣ ብቻ ነው ያለው። ከዛ በሚቀጥለው ፍሬም ተነሳና በአንድ ጉዞ 69 ነጥብ ሰርቶ ጨረሰው።

ያን ጊዜ 43 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ክሩሲብል ራሱ ማለፍ አቅቶት ስኑከር ልተው ብሎ ነበር፣ ባለቤቱ ናት አይሆንም ያለችው። እንግዲህ ይህንን ሰው ነው በድካም የምታስፈራሩት።

ሚዛን፣ ትንታኔህ ቆንጆ ነው፣ የቅጣቱንም ነገር በእርጋታ ስላስረዳህ ተባረክ። እኔ ግን 18 ለ 16 ብያለሁ። ሌላ ውጤት ለዊሊያምስ አላውቅም።

ቀይ_ካርድ (እሁድ ጠዋት 5:50)

@ሚዛን እሺ፣ ሸጠ ያልኩትን አነሳለሁ። ይህን ያህል ዝርዝር አላውቅም ነበር። ግን ለሱ አላጨበጭብም፣ ያ የኔ መብት ነው።

ደሞ ያ የሰፈራችን ልጅ ያልኩት፣ ይሄን ስጽፍ ትዝ አለኝ፣ የ17 ዓመት ልጅ ነበር እኮ። ትልልቆቹ ናቸው ብሩን የሰጡት። እነሱ አሁንም ይጫወታሉ።

ስቲክ_አንሺ (እሁድ ቀን 7:15)

አንድ ቴክኒክ ነገር ልጨምር ማንም ስላላነሳው። ፑል ብቻ የምትጫወቱ ሰዎች የጠረጴዛው ስፋት አይገባችሁም። የስኑከሩ ጠረጴዛ ሦስት ሜትር ተኩል አልፎ ይረዝማል፣ ኳሱ ከፑሉ ያንሳል፣ ቀዳዳው አፉ ጠቦ ከንፈሩ የዞረ ነው፣ ትንሽ ካልተስተካከልክ ኳሷ ከንፈሩ ላይ ተንቀጥቅጣ ትመለሳለች። ፑል ላይ የሚገባ ኳስ ግማሹ እዛ አይገባም። እና ዣኦ ከዛ ርቀት እንደ ዋዛ ሲያስገባ ስታዩ ምን እያደረገ እንደሆነ እወቁ።

ዊሊያምስ ደሞ ፍሬም አጀማመር ላይ የራሱ ተንኮል አለው። አብዛኛው ሰው ቀዮቹን ኳሶች በጎን ነክቶ ነጯን ወደራሱ ጫፍ ይመልሳል፣ ከዛ ሌላኛው ሰውዬ ከሩቅ አንድ ቀይ ካየ ሞክሮ ያስገባል። ዊሊያምስ 2021 ላይ ሌላ ነገር ይዞ መጣ፣ ነጯን በቀዮቹ ጎን አሳልፎ የላይኛውን ጠርዝ አስነክቶ ከኋላ በኩል ቀስ ብሎ ቀዮቹ ላይ ያስደግፋታል። ተጋጣሚው ረጅም ኳስ የሚባል ነገር አያገኝም፣ ከተጨናነቀ ቦታ ነው የሚጀምረው። ደባሪ ነው ተባለ፣ እሱም አዎ ደባሪ ነው አለ፣ ግን ቀጠለበት።

ለዣኦ እንደዛ ነው መጀመር ያለበት። የልጁ ጉልበት ረጅሟ ኳስ ናት፣ ረጅሟን ከነሳኸው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆንበታል፣ ትዕግስት ያጣና የማትገባዋን ይሞክራል። ከሰጠኸው ግን አለቀልህ፣ አንድ ቀይ ከገባችለት 70፣ 80 ነጥብ ሳይሰራ አይቀመጥም።

ስለዚህ የኔ መልስ፦ መጀመሪያዎቹን አራት ፍሬሞች አጀማመሩን እዩ። ዊሊያምስ በቀዮቹ ኋላ ከጀመረ ጋሼ፣ በተለመደው መንገድ ከጀመረ የሳሪስ ልጅ። ፈርቼ ሳይሆን እንደዛ ስለማስብ ነው 😅

ሁሌ_ተሸናፊ (እሁድ ቀን 7:31)

ወሰንኩ። ዊሊያምስን ያዝኩ። ጋሼ ይቅርታ።

ጋሽ_ከረንቡላ (እሁድ ቀን 7:40)

ምነው ልጄ ምን አደረግኩህ።

የሸፊልዷ (እሁድ ቀን 8:36)

ደርሻለሁ። ሰዉ ብዛቱ! ፀሐይ ወጥቷል፣ ፈረንጆቹ ሳር ላይ ተጋድመው ቢራ ይዘዋል። ቻይናውያን ተማሪዎች በቡድን በቡድን ሆነው ባንዲራ ለብሰዋል፣ ከዚህ በፊት እዚህ እንዲህ አይቼ አላውቅም፣ እዚሁ ከተማ የሚለማመዱ ቻይናውያን ተጫዋቾች ብዙ ስለሆኑ ለነሱም ቤታቸው ነው። አንዷን ልጅ አወራኋት፣ ስኑከር ትጫወቻለሽ አልኳት፣ አልጫወትም አባቴ ነው የሚያየው፣ ስልክ ላይ አስይዤው ነው አለችኝ፣ ስልኩን አዞረችና አባትዬው ሰላም አለኝ። እዛ ማታ ነው፣ ሩዝ እየበላ ነበር።

አንድ የዌልስ ሰውዬ፣ የዊሊያምስ አገር ሰው ማለት ነው፣ ደሞ ቀይ ኮፍያ አድርጎ ብቻውን ቆሟል። አሳዘነኝ፣ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። እና ነጯ ኳስ፣ ማንን ትደግፊያለሽ ብትለኝ ከዚህ በኋላ መልሴ ሰውዬው ነው።

ፎቶ ልኬያለሁ፣ ኔትወርኩ ቢፈቅድ ይገባል።

ነጯ_ኳስ (እሁድ ቀን 8:52)

ሁላችሁም ኑሩልኝ። ከጠዋት ጀምሬ ሳነበው ነበር፣ አልወሰንኩም፣ እንዲያውም ባሰብኝ። ጋሼን ሳነብ ዊሊያምስ፣ ስቲክ አንሺን ሳነብ አጀማመሩን ልይ፣ የሚዛንን ሳነብ ልጁ ተቀጥቷል ጨርሷል በቃ። ቀይ ካርድ ስለዛ የ17 ዓመት ልጅ የጻፍከው ደሞ ውስጤ ቀረ።

ለእማዬ ደወልኩላት። ሁለት ግራኝ ለዓለም ዋንጫ ደረሱ አልኳት። ስንት ብር ያገኛሉ አለችኝ። አንደኛው 500 ሺህ ፓውንድ፣ ሁለተኛው 200 ሺህ አልኳት። በብር ስንት ነው አለች፣ አሰላሁላት። ትንሽ ዝም ብላ «እኔ እኮ ለመብላት ነው እንጂ ለሌላው መቼ ከለከልኩህ» አለችኝ።

ቡና እየተፈላ ነው፣ ሊንኩ ተከፍቷል፣ አስተዋዋቂው ስማቸውን እየጠራ ነው፣ ሰዎቹ በደረጃው እየወረዱ ነው።

ነጯ_ኳስ (እሁድ ቀን 9:06)

ቆመብኝ። ይሽከረከራል። በናታችሁ ማን ጀመረ፣ ነጯ የት ቆመች?